ልቅሶ የተቀመጥንበት መናፈሻ

ባለቤቴ ያን ችግኝ የተከለው በሐምሌ ነው። እሱ ያረፈው በጥቅምት። በመካከሉ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ስለነበረ እስከ ዛሬ ሁለቱን ለይቼ ማሰብ አልችልም። ይህንንም የምጽፈው እየተነሣሁ፣ እየተቀመጥሁ ነው።

መናፈሻው ደብረ ታቦር ከነበረው ቤታችን በላይ፣ ከአሮጌዎቹ ጽዶች ሥር ነው። ድሮ የመኳንንት ችሎት ይውልበት እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከትልቁ ጽድ ሥር የተጠረበ የድንጋይ መቀመጫ አለ። በዚያ የሚቀመጠው ፈራጁ ብቻ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ቆሞ ነው የሚናገር። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌው አጥሩን አደሰና በበሩ ላይ «የሰፊው ሕዝብ መናፈሻ» ብሎ ጻፈበት።

በክረምት የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲታወጅ ሁሉም ባሕር ዛፍ ይዞ ወጣ። ባለቤቴ ግን ከአንዲት የገደል አፋፍ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የኮሶ ችግኝ ለምኖ አመጣ። አስተማሪ ነበርና ተማሪዎቹ ሳቁበት።

«መምህር፣ ሰው በሚዝናናበት ቦታ ኮሶ ይተከላል?»

«ጠጡት አላልኋችሁም» አላቸው አፈሩን በእጁ እየጠቀጠቀ። «ጥላው አይመርም።»

በጥቅምት ሳንባውን ታመመ፤ ወሩም ሳያልቅ ቀበርነው። ጠጉሬን ተላጨሁ፤ ጥቁር ለበስሁ። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ዓመቱ ሳይሞላ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም አትታይም። መናፈሻማ የሽርሽር ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቼ ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ መሬት ላይ እቀመጣለሁ፤ እነሱ አጠገቤ ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን የመናፈሻው ዘበኛ ሊያጽናናኝ መጣ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው» አለኝ። «የመምህርን ችግኝ ውርጭ መታው። እስከ ፋሲካ ካላቆጠቆጠ ነቅለን ባሕር ዛፍ እንድንተካበት ታዘናል።»

እሱ ሲወጣ እንባዬ መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት የአጥር ጎረቤቴ፣ እኛ እማማ የምንላቸው ባልቴት፣ እስኪያልፍልኝ ጠበቁኝ።

«ሄደሽ አታጠጪውም?»

«ሰው ምን ይለኛል፣ እማማ?»

«ሰው መቼ ሳይል ቀርቶ ያውቃል?» አሉና ጥቂት አሰቡ። «ልቅሶ የሚቀመጡት ቤት ውስጥ ነው ያለው ማነው? ነገ ልቅሶ ደራሾቹን እዚያው አመጣልሻለሁ። በንፍሮው ፈንታ ውሃ ይያዙ እላለሁ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ንፍሮውም ባይቀር ይሻላል» አሉ።

በማግሥቱ እኔ በጥቁር ልብሴ፣ ሴቶቹ ገንቧቸውን አዝለው፣ እማማ በምርኩዛቸው እየመሩ ከበሩ ደረስን። ዘበኛው ብድግ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አታውቁም?»

«ስብሰባ አይደለም፤ ልቅሶ ነው» አሉት እማማ።

«በመናፈሻ?»

«ሟቹ የተከለው እዚህ ነው፤ የት እንቀመጥለት? እንድታምን ሙሾ እናውርድልህ፣ ጓድ ዘበኛ?»

ዘበኛው መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። «ኧረ አይሆንም። ብቻ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።» ከዚያ በቀስታ፣ «ንፍሮ ይዛችኋል?» አለ።

«ይዘናል።»

«እንግዲያስ ግቡ።»

ችግኙ የደረቀ እንጨት መስሎ ቆሟል። ቅጠሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ሴቶቹ በየተራ ውሃቸውን አፈሰሱለት፤ ሥሩ እንዳይበርደው ዙሪያውን ሣር አለበስነው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥንና ንፍሯችንን ቃምን። የድንጋዩ መቀመጫ ባዶውን ነበር።

«እማማ፣ ከድንጋዩ ላይ ይቀመጡ እንጂ» አለ ዘበኛው አፉ በንፍሮ ተሞልቶ። «ዛሬ እኮ የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«አባቴ በመሬት ተከሶ እዚህ ሲቆም፣ እኔ ልጅ ሆኜ የጋቢውን ጫፍ ይዤ ቆሜአለሁ» አሉት። «አዋጁን እኔ ሰምቻለሁ። ጉልበቴ ግን ገና አልሰማም።»

ሳቅሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበርና አፌን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንሄድ ጀመር። ውሃ መቅጃው ዘንድ «ባሏን ቀብራ ሽርሽር ወጣች» ያለች ሴት እንዳለች ሰማሁ። በጥምቀት ሰሞን ያችው ሴት ገንቦ አዝላ መጣች፤ ማንም ምንም አላላትም። ውርጩ አለፈ፣ ጾሙ ገባ፤ እንጨቱ እንጨት እንደሆነ ቀረ። የተላጨሁት ጠጉር ማደግ ሲጀምር እማማ በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «ጠጉርሽ ቀደመው። ይሄ ሰነፍ» ይላሉ። በጾሙ አጋማሽ ላይ ልተወው አስቤ ነበር።

«ዛሬ ይቅርብኝ፣ እማማ። የሞተ ነገር ነው የማጠጣው።»

«የሞተውን እኔም አውቀዋለሁ፤ አብረን ነው የቀበርነው» አሉኝ። «ይሄኛው ገና አልተቀበረም። ተነሺ።»

ፋሲካ ደረሰ፣ አለፈም። አንድም ቅጠል አልወጣም። በዳግማይ ትንሣኤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዘበኛው ዶማ ይዞ ከችግኙ አጠገብ ቆሞ አገኘነው።

«ሳምንት ሙሉ ዘግይቻለሁ፣ እትዬ» አለኝ ሳያየኝ። «ከዚህ በላይ ብዘገይ እኔንም ይነቅሉኛል።»

ነጠላዬን አጥብቄ ይዤ ቆምሁ። እሱ ተንበርክኮ ዶማውን የሚያሳርፍበትን ለማየት ሣሩን ገለጠ። ገለጠና ፊቱን ወደ አፈሩ አስጠጋ።

«እትዬ፣ ይምጡ እስቲ።»

ከእንጨቱ ግርጌ፣ እኛው ራሳችን ለብርድ ካለበስነው ሣር ሥር፣ አውራ ጣት የምታህል ቡቃያ ወጥታለች። ብርሃን ስላላገኘች ገርጥታ፣ አንገቷን አጥፋ ነበር የበቀለችው። ያን ሁሉ ጊዜ ከላይ ከላይ ስናይ ከርመን፣ ሣሩን አንዲት ቀን ያነሣ ሰው አልነበረም።

እማማ እልል ማለት ጀመሩና ጥቁር ልብሴን አይተው አፋቸውን ያዙ።

«ይበሉት» አልኋቸው።

አሉት፤ ግን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ትልቁ ጽድ ሄዱ፤ ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ቀስ ብለው ተቀመጡበት።

«ፈርጃለሁ» አሉ። «አይነቀልም።»

«ይግባኝ የለኝም» አለ ዘበኛው፤ ዶማውን ጥሎ ከቡቃያዋ ዙሪያ ሣሩን በጣቱ ይለቅም ጀመር።

«አንቺም ነይ፤ ለሁለት ይበቃል» አሉኝ እማማ።

«ሐዘንተኛ ነኝ እኮ። መሬቱ ይበቃኛል።»

«በጋውን ሙሉ መሬት ተቀምጠሽ ያዘንሽው አይጠፋብሽም። ነይ።»

ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ድንጋዩ የጠዋቱን ፀሐይ ይዞ ኖሮ ይሞቃል።