ሦስተኛው ጄሶ

ባለፈው ሳምንት ስለ አጥንት እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ሞልቶብኝ አንዷን ተማሪ «ጥረጊልኝ» ብላት፣ ጨርቁን ደጅ ካለው ቧንቧ አርሳው መጣች። እርጥቡ ጨርቅ ጠመኔውን እንደነካው ሽታው ክፍሉን ሞላው። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ የሚሸተውን የሚመስል፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ነው። እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ ከፊት የተቀመጠ ልጅ።

«አላመመኝም» አልኩት። «ጠመኔና ጄሶ ዘመዳሞች መሆናቸውን ታውቃላችሁ? ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ሊሠሩ ይችላሉ።» ማስረዳት ስለምወድ ይህን ያህል አስረዳኋቸው። የቀረውን ግን ለተማሪ የሚነገር አይደለም ብዬ ተውኩት። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአምበር ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። አባቴ ገበሬ ቢሆንም ሰው የሚያውቀው በወጌሻነቱ ነበር። ከዛፍ የወደቀ፣ በቅሎ የጣለችው፣ በሬ የረገጠው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣል። አባቴ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የተጎዳውን ቦታ በጣቶቹ ጫፍ እየዳሰሰ ወሬ ይጀምራል።

«ያች ቡላ ላምህ ወለደች?»

«ወለደች፣ አያ፤ ወንድ ጥ...»

ሰውየው ጥጃውን ሳይጨርስ ቋ! ይላል፤ የወለቀው ትከሻ ቦታው ገብቷል። የተሰበረ ከሆነ ደግሞ በቅቤ አሽቶ፣ የተፈለጠ ቀርከሃ ግራና ቀኝ ደግፎ በጨርቅ ያስራል። የማይሽረው አንድ ሕግ ነበረው፤ እስሩ በሦስተኛው ቀን ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ ታሽቶ እንደገና ይታሰራል። በልጅነቱ ሌላ ወጌሻ አጥብቆ አስሮት ሳይፈታ የከረመ እጅ ጠቁሮ አይቷል። «ያልተፈታ እስር ሥጋ ይበላል» ይል ነበር።

እናቴ ከእኔ በኋላ ብዙ ቆይታ እህቴን ወለደች። የልጅቷ ቀኝ እግር ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ የውስጥ እግሯ መሬት በማየት ፈንታ ሌላኛውን እግሯን ያያል። ሐኪሞች ቆልማማ እግር ይሉታል። አንዲት ጎረቤት እናቴን «እርጉዝ ሆነሽ ምን ተራምደሽ ይሆን?» ብላት ስታለቅስ አይቻለሁ። ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ እናት ተራመደችም አልተራመደችም የሚሆን ነገር ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም ብዬ አስረዳት ነበር።

አባቴ ያችን እግር ጠዋት ማታ አሸ። አሰረ፣ በሦስተኛው ቀን ፈታ፣ አሽቶ አሰረ። በተፈታች ቁጥር እግሯ ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ለአገሩ ሁሉ የሚታዘዝ እጁ ለገዛ ልጁ እምቢ አለው። አምበር ገበያ ላይ በእግሩ ጀርባ እየረገጠ የሚሄድ አንድ ሰው ነበር፤ አባቴ እሱ ሲመጣ ካየ መንገድ መቀየር ጀመረ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደብረ ማርቆስ እንደሚታከም ለእናቴ ነገረቻት።

«እንውሰዳት» አለች እናቴ።

«እኔ እያለሁ?»

«አንቱ እያሉማ አምስት ወር ሞላት!»

በማግስቱ ሄድን። ባለሙያው ብዙ የማይናገር ወጣት ነበር። እግሯን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ገፍቶ ያዘ፤ አልሰበረም፣ አልጎተተም። ከዚያ ነጭ ፋሻ ውሃ ውስጥ ነክሮ ከጣቶቿ ሥር እስከ ታፋዋ ጠቀለለው። ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጄሶው ሲደርቅ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይጠነክራል።

«በየሳምንቱ እየመጣችሁ እንቀይረዋለን» አለ። «እስከዚያ እንዳይነካ። ጣቶቿን ብቻ እዩ። ቀይና ሙቅ ከሆኑ ደህና ናት። ከጠቆሩ ወይም ከቀዘቀዙ ሳትውሉ ሳታድሩ ይዛችሁ ኑ።»

አባቴ ወጌሻ መሆኑን አልተናገረም። እጆቹን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ቆሞ ነበር።

ሁለት ጄሶ ተቀየረ። በሁለተኛው ጄሶ እግሯ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። እናቴ ባለሙያው ፊት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሦስተኛው ተደርጎላት ወደ ቤት ተመለስን።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። እህቴን የማዝላት እኔ ነበርኩ። ጄሶው ስሄድ ስመለስ ወገቤን ይመታኛል፤ ቀኝ ጎኔ በልዞ ነበር። እናቴ ሥራ ሲበዛባት ደግሞ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። ደብተሬን በሥርዓት መያዝ የምወድ ልጅ ነበርኩ፤ ቀን የዘለለ ደብተር ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ያስጠላኛል።

ሦስተኛው ጄሶ በታሰረ በሦስተኛው ቀን እናቴ ገበያ ሄደች። አባቴ ከቤታችን በታች አውድማው ላይ ጤፍ ይወቃል። እህቴ ጥርስ እያበቀለች ነው መሰል ከጠዋት ጀምሮ አለቀሰች። ባዝላት አለቀሰች፣ ባወርዳት አለቀሰች። ጀርባዬ ላይ ስትፈራገጥ ጄሶው የበለዘውን ጎኔን ደጋግሞ መታው። የሰፈር ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አጥሩ አጠገብ ቆመው «ሞግዚቷ!» ብለው ሳቁብኝ። ያኔ አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። ወደ አውድማው ሮጥኩ።

«አባዬ! ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል!»

ውሸት ነበር። ጣቶቿን አልነካኋቸውም።

አባቴ መንሹን ጥሎ መጣ። ከጀርባዬ አውርዶ ታቀፋትና ትንንሾቹን ጣቶች በመዳፉ ሸፈናቸው። ከእነዚያ እጆች የሚሰወር ነገር እንደሌለ አውቅ ነበር። ገለባ ቅንድቡ ላይ ተጣብቋል።

«ቀዝቅዘዋል አልሽኝ?»

«አዎ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጎኔን በእጄ ይዤ እንደ አሮጊት ዘመም ብዬ ቆሜ ነበር። አየኝ፣ ልጅቷን አየ፣ ጄሶውን አየ።

«ውሃ አሙቂ» አለኝ።

ለብ ያለ ውሃ በጨርቅ እያስነካ አራሰው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ቀርከሃ በሚፈልጥበት ቢላዋ፣ ቆዳዋን ሳይነካ፣ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፈለው። እግሯ ከውስጥ ነጥታ፣ ቀጥና፣ ተሸብሽባ ወጣች። አባቴ ለጋ ቅቤ መዳፉ ላይ አቅልጦ ከጉልበቷ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወርድ ለቅሶዋ ቆመ። ጣቶቿን ዘረጋቻቸው። አንድ፣ ሁለት ጊዜ አወዛወዘቻቸው። ከዚያ ሳቀች፤ ጥርስ በሌለው አፏ፣ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ። አባቴም ሳቀ። የእህቴ እግር ከታየች ጀምሮ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በበሩ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ሁለቱ ላይ አርፎ ቅቤው እግሯ ላይ ያብለጨልጭ ነበር። እኔም ሳቅሁ።

እናቴ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«አንቱ ሰውዬ! ምን አደረጓት?»

«ጣቶቿ ቀዝቅዘው ነው» ቢላት ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ከቀዘቀዙ አደጋ መሆኑን ባለሙያው ራሱ ተናግሯል። ግን ያንን ቢል «ማን አየ?» ትለዋለች፤ ጥያቄው ወደ እኔ ይዞራል።

«እጄ አላስችል ብሎኝ ነው» አላት።

እናቴ ዘንቢሉን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ሳምንት ከእሱ ጋር አልተነጋገረችም። ቀጠሯችን ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አባቴ በቀርከሃ አስሮ ጠበቀ፤ ግን እግሯ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ስትዞር ሦስታችንም እያየን ነበር። እኔ አንዳንድ ጊዜ ልናገር አፌን እከፍትና እዘጋለሁ።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ባለሙያው እግሯን አገላብጦ አየ።

«ማን ፈታው?»

«እኔ» አለ አባቴ። «ወጌሻ ነኝ። በእኛ ልማድ በሦስተኛው ቀን ይፈታል።»

ልጇን ታቅፋ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ከትከት ብላ ሳቀች። «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም አሉ!» አለች። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ መሬት ባፏ ብትውጠኝ እመኝ ነበር።

ባለሙያው ግን አልሳቀም። «የሠራነው ብዙው ተመልሷል» አለ። «ሌላ ጄሶ ይጨመርባታል። ይደግሙታል?»

«አልደግመውም።»

«እንግዲያ ይምጡ፣ አባቴ። ጉልበቷን ይያዙልኝ።»

አባቴ እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አወጣቸው። ባለሙያው እግሯን እየገፋ ማስረዳት ጀመረ፤ የሕፃን አጥንት ገና ለጋ ነው፣ እኛ የምናባብለው ጅማቱን ነው፣ አንዴ ካባበልነው ሳይለቀቅ መቆየት አለበት፣ ከተለቀቀ ወደ ልማዱ ይመለሳል። አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«እንደ እርጥብ ቀርከሃ ነዋ» አለ። «አጥፈህ ካላደረቅኸው ይቀናል።»

«እንደሱ ነው» አለ ባለሙያው። ጎበዝ ተማሪ እንዳገኘ ሰው ፊቱ ፈካ።

ከዚያ ቀን በኋላ በየሳምንቱ ጉልበቷን የሚይዘው አባቴ ሆነ። ስንት ስብራት ያየ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ተረከዟ አጠገብ ያለውን ጅማት በትንሹ ቆረጥ ሲያደርጉላት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጄሶው ሲያበቃ በብረት የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ሰጡን። መጀመሪያ ቀንም ሌትም፣ በኋላ ስትተኛ ብቻ፣ አራት ዓመት እስኪሞላት የሚደረግ ነው። በየምሽቱ የሚያጠልቅላት እሱ ነበር። ብታለቅስም አይፈታም፤ ለቅሶዋ ሲበረታበት ወጥቶ ከብቶቹ ዘንድ ይቆማል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ሰው ሲመጣበት ደግሞ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ ተነስ» ብሎ እስከ አምበር መኪና ድረስ ራሱ ይሸኘው ጀመር።

ስለዚያ ከሰዓት እኔና እሱ አንድም ቀን አላነሳንም።

አባቴ አምና አረፈ። የወጌሻ ከረጢቱን እናቴ ስትፈታው ከቀርከሃዎቹ መሃል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ሦስተኛው ጄሶ ነበር። ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ፣ እንደ ተሰበረ ክንድ በልኩ አስሮታል፤ አላጠበቀውም።

ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ በተጠረገ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወደ ቤት ሄድኩ። እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቀኝ እግሯ ከግራው ትንሽ ስለሚያንስ ጫማዋ ጫፍ ላይ ጨርቅ ትወትፋለች፤ ያን ያላወቀ ሰው ምንም አይለይባትም። ጄሶውን እናቴ ካስቀመጠችበት ከመደቡ ሥር አውጥቼ መሃላችን አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኳት። ጣቶቿ እንዳልቀዘቀዙ። እኔ እንደዋሸሁ። አባታችን እያወቀ ስድቡን ለእኔ ብሎ እንደጠጣው።

ሁለት ጣቶቿን እግሯ በነበረበት ቀዳዳ አስገብታ ውስጡን ዳሰሰች።

«ሲፈታልኝ ምን አደረግኩ?»

«ሳቅሽ። ጣቶችሽን እያወዛወዝሽ።»

«አባዬስ?»

«እሱም ሳቀ። ቅንድቡ ላይ ገለባ ነበረበት።»

ይቅር የምትለኝ ወይም የምትቆጣኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን እግሯን ከጫማዋ ውስጥ አውጥታ ከሥሯ አጣጠፈችና ተጠግታኝ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እንደገና ንገሪኝ» አለች። «አባዬ እንዴት እንደሳቀ።»

ውሃ ከማሞቁ ጀመርኩላት።