ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ

ወረቀቱ የመጣው ሐሙስ ዕለት በቤተል የሒሳብ ደብተር ውስጥ ለሁለት ታጥፎ ነው። ቤተል ልጄ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። እኔ ሀዋሳ ውስጥ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ያን ቀንም የአንድ ልጅ ሱሪ ወገብ እያጠበብኩ ነበር። "እማዬ ፈርሚልኝ፤ ሁሉም አስፈርመው ጨርሰዋል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ" አለችኝ፣ ወረቀቱን ከመርፌው ስር ልትከተው ምንም ሳይቀራት። ወረቀቱ የታደላቸው ያንኑ ዕለት ጠዋት ነበር።

የእኔ ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ጣቴን ከፊደሉ ስር እያስሄድኩ ሦስት ጊዜ ሳላነብ አልፈርምም። ልጄ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ የጎኑን ቁጥር የማጠና፣ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር እንወስዳቸዋለን ሲሉኝ ውሃው ከምትቀመጡበት ስንት እርምጃ ይርቃል ብዬ መምህሩን የምጨቀጭቅ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ፈሪ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ግን የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም። የተማሪዎችን የማሰብ ችሎታ፣ የትምህርት አቀባበልና ከትምህርት ቤት ጋር የመላመድ ሁኔታ ለማጥናት ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይመጣሉ ይላል ወረቀቱ፤ የፈቀደ ወላጅ ከታች ይፈርም ይላል። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። ወረቀቱን ከጨርቁ ስር ሸጎጥኩና "ነገ" አልኳት። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ንዴት እንዲህ ትኩስ ሆኖ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

እኔም ተጠንቼ ነበር። በቤተል ዕድሜ፣ በዚሁ ከተማ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ።

አባቴ ከገጠር ሀዋሳ የገባው እኛን ከወለደ በኋላ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ነበር። ቤት ውስጥ በሲዳምኛ እናወራለን፤ አማርኛ የትምህርት ቤት ነው። አባቴ ከገጠር ይዞት የመጣው ሀብት ቢኖር የልጅ አስተዳደግ ነበር። በእሱ ቤት ትልቅ ሰው የጠየቀው ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ መጀመሪያ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ይመልሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ለመልስ ይለን ነበር። የሚመጣው እንግዳም ይህን ያውቃል። ቡርሳሜ ፊቱ ቀርቦለት፣ ቅቤው ከቆጮው ላይ እየወረደ፣ "አንቺ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?" ይለኛል። እኔ የእግሬን ጣቶች አያለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ይጎርስና፣ "ስንተኛ ክፍል ነሽ ልጄ?" ይለኛል፤ ያኔ እመልሳለሁ። "ያሳደጋት ይባረክ" ይላል። ታናሽ ወንድሜ ላሚሶ ግን ይህ ነገር አልሆንልህ ብሎት ነበር። ጥያቄው ሳያልቅ ይዘላል፤ አባቴም "ያልተዘጋ ቧንቧ" ይለዋል። እኔ የተመሰገንኩት በዝምታዬ ነው።

ክፍል ውስጥ በዚህ የተቸገርኩበት ጊዜ አልነበረም። መምህራችን ቲቸር አልማዝ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ደብተሬ ላይ እሠራለሁ። በሒሳብ የሚቀድመኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ የሆነውን ለሚሰማ ሰው ይህም መነገር ስላለበት ነው።

ግንቦት ነበር። ዝናቡ ሌሊት ጥሎ ጠዋት ያባራል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከሐይቁ በኩል የዓሣና የረጠበ ቄጠማ ሽታ ይመጣል። ሁለት ሰዎች ሻንጣ ይዘው ትምህርት ቤታችን መጡ። ክትባት ነው ተብሎ ተወራና ግማሹ ልጅ በአጥር ሾልኮ ጠፋ። እኔ አልሸሸሁም። የተሰበሩ ዴስኮች በሚከመሩበት ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ ይጠሩን ጀመር።

እኔን የጠራኝ ሰውዬ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ የስፖርት አስተማሪ የሚይዘው ዓይነት ሰዓት አንጠልጥሏል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ስሜን ከዝርዝሩ አንብቦ፣ "ቁጭ በይ የኔ ልጅ" ብሎ ካርድ አወጣ። ላም፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ወንበር። "የትኛው ነው የሚለየው?" አለኝና ሰዓቱን ቀጭ አደረገው።

ወንበሩ ነዋ። ይህን ማን ይስታል? ዓይኔን ጫማው ላይ አሳረፍኩ። ስፌቱ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ደርቋል። ሁለተኛ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም። ሰዓቱን ቀጭ አድርጎ፣ አንድ ነገር ጽፎ፣ ካርዱን ገለበጠው። ቀጥሎ ቁጥሮች ነበሩ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። ከዚያስ የሚመጣው ስንት ነው? ሠላሳ ሁለት ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቃል። ቀጭ፤ ካርዱ ተገለበጠ። እንዲህ እያለ ሄደ። ይህ ሰው ጥያቄ አይደግምም ማለት ነው ብዬ አፌን ልከፍት ስል ካርዶቹ አለቁ። "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" ብሎ ብስኩት ሰጠኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ነገሩ ያለቀ አልመሰለኝም። ዛሬ የመጀመሪያውን ጠየቀኝ፣ ነገ ሁለተኛውን ይጠይቀኛል ብዬ ነው ደስ ብሎኝ የወጣሁት። ብስኩቱን ለላሚሶ አካፈልኩት። በማግሥቱ ፀጉሬን በደንብ አስይዤ፣ መልሶቹን በተራ በቃሌ ይዤ ሄድኩ። ወንበር። ሠላሳ ሁለት። ሌሎቹንም ሁሉ። በእረፍት ሰዓት የዚያ ክፍል በር ላይ ቆሜ ደወል እስኪደወል ጠበቅኩ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ሰዎቹ ሄደዋል።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዝርዝር መጣ። ቲቸር አልማዝ የሰባት ልጆች ስም አንብባ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችን። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ ግን ልጅ የማይደርስበት ነገር የለም፤ ገና ለምሳ ሳንለቀቅ ዘገምተኞች መባላችን ታወቀ። ከዚያ ወንበር ላይ ሰሌዳው በግማሽ ነው የሚታየው። መምህራችን ደብተሬን ማረም ተወች፤ ሳትቆጣኝ፣ እንደ ታመመ ሰው እያዘነችልኝ ታልፈኛለች። ልጆቹ ደግሞ አባ ኮዳ የሚል ስም አወጡልኝ። ሀዋሳ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ በሚበለትበት ቦታ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ዝም ብሎ የሚቆመው ራሰ በራ ወፍ ነው። "አባ ኮዳ፣ አንጀቱ እስኪወረወርልሽ ነው የምትጠብቂው?" ይሉኛል። አባ ኮዳን ደህና አድርገው አላዩትም። ያ ወፍ ቆሞ ሲጠብቅ አንድም ነገር አያመልጠውም።

ሰኔ ላይ አባቴ ተጠራ። እኔን አስከትሎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ርእሰ መምህሩ ወረቀት ገለጠና ጥናት መጠናቱን፣ የእኔ አእምሮ ትምህርት ለመቀበል ዝግ ያለ ሆኖ መገኘቱን፣ ይህም የማንም ጥፋት አለመሆኑን፣ የእጅ ሙያ ብማር እንደሚሻል አስረዳው። ከዚያ፣ "ምን ይላሉ አባባ?" አለው።

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ አሳረፈ።

ምን እየሆነ እንዳለ ከእኔ በቀር በዚያ ክፍል ውስጥ ያወቀ አልነበረም። ርእሰ መምህሩ በዕድሜ ልጁ ነው፤ ቢሆንም የተማረ ሰው ነው፣ ጠረጴዛ አለው። አባቴ አከበረው። ሁለተኛውን ጠበቀ። ከንፈሩ ለመናገር ሲዘጋጅ አይቻለሁ። ርእሰ መምህሩ ግን ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና፣ "እንግዲህ ከተስማሙ ጥሩ ነው" ብሎ ተነሣ። አባትና ልጅ አንድ ላይ እንዲያ ዝም ማለታችንን አይቶ፣ ነገሩስ በዘር ነው ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

ስንመለስ ዝናብ ያካፋ ነበር። አባቴ መንገድ ላይ ሸንኮራ ገዛልኝ፤ ለራሱ አልያዘም። እቤት ደርሰን ደጃፉ ላይ ጭቃውን ከእግራችን ስናራግፍ፣ "ላሚሶ ይቀጥል፤ አንቺ ስፌት ትማሪ ይሆን? ምን ትያለሽ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ሸንኮራዬን አየሁ። እሱም እንደ ደንቡ ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምን ትያለሽ ልጄ?" አለኝ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለተኛ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። መልስም ነበረኝ። አውቀዋለሁ አባ፣ ወንበሩ ነው፣ ሠላሳ ሁለት ነው፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ነገር ግን የኋላ ወንበር ሥራውን ሠርቶ ነበር። ወረቀቱን አምኜው ነበር።

"ይሁን አባ" አልኩት።

ያን ቃል ከአፌ ያስወጡትን ሰዎች ይቅር አላልኩም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ከሁሉም ጋር አብሬ አንገቴን ደፍቼ እጸልያለሁ፤ ይህችን ግን ለይቼ አስቀምጣታለሁ። ብስኩት የሰጠኝ ሰውዬ እስከ ዛሬ በሕይወት ካለ፣ የእኔን ዝምታ በቁጥር ጽፎ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ደምሮ፣ አንድ ቦታ አስቀምጦት ይሆናል። ያነበበው ሰውም ይኖር ይሆናል። ያ ቁጥር እኔ አይደለሁም።

ስፌት ተማርኩ። ከሰው ጋር የምገናኘው በመለካት ነው። ልጅ ሲለካ ያፍራል፤ ትከሻውን ይሰበስባል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ሜትር ያኔ ከተጣለበት ልብሱ ለሌላ ልጅ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ኳስ አወራዋለሁ፤ ትከሻው ሲወርድ እለካለሁ፤ ከዚያ ደግሜ እለካለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ጨርቁን ያበላሻል፤ ጨርቅ ደግሞ ሌላ ይገኛል።

ቤተል ስትወለድ የእኔ ዓይነት ነገር እንዳይደርስባት ማልኩ። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ "ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ" እያልኩ፣ እጄን እያጨበጨብኩ መልስ አስለመድኳት። የጠየቃትን ሰው ዓይን ዓይኑን እንድታይ አስተማርኳት። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ስንሄድ የአባቴ ዘመዶች "ይቺ ልጅ ከሰው አፍ ቃል ትነጥቃለች" ብለው ያጉረመርማሉ። እኔ በልቤ እኮራለሁ። ንጠቂ፣ እላለሁ። እንዳይነጥቁሽ ንጠቂ።

አርብ ጠዋት ወረቀቱን ሳልፈርም ይዤ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። የሄድኩት ለጠብ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ለቤተል ታላቅ እህት የምትሆን ልጅ ናት። ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ እርስዎ እያለች አናገረችኝ። ስም አንጽፍም፣ ለትምህርት ቤቱ ዝርዝር አንሰጥም፣ ከወንበሩ የሚነሣ ልጅ የለም አለች። አላመንኳትም፤ ያም ሰውዬ ትሑት ነበር። "ልጁ ዝም ካለ ትደግሚለታለሽ?" አልኳት። ወረቀቷን ገለጥ አደረገች። "መመሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለው እናቴ፤ ለሁሉም እኩል እንዲሆን" አለችኝ።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። ጫማውን፣ ሰዓቱን፣ የተቆለፈውን በር፣ የአባቴን ባርኔጣ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠችኝ፤ ስጨርስ ለአስተማሪዎቿ እንደምትነግር ቃል ገባች። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር የቤተል መምህር ከጎን ክፍል ብቅ አለ። ልጅቷን ከእኔ ሊያስጥል የመጣ ነበር የመሰለኝ። እሱ ግን ወደ ውጭ ለብቻ ወሰደኝና፣ "ከመጡ አይቀር አንድ ነገር ልንገርዎት" አለኝ። "ቤተል ጎበዝ ናት፤ ግን ጥያቄውን ሳልጨርስ ትመልሳለች፤ ግማሹን የምትስተው በዚህ ነው። ቀስ በይ ስላት ይባስ ትቸኩላለች። እቤት የሚያስቸኩላት ሰው አለ?"

ያ ሰዓት እስከ ዛሬ በሰውዬው አንገት ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ አውልቄ ራሴ አንጠልጥዬዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ላይ ቀጭ አድርጌዋለሁ። ለጠብ ይዤው የሄድኩትን ንዴት ለራሴ ተሸክሜው ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤተል ሱቅ መጣች፤ ቦርሳዋን ጥላ የተቆራረጠውን ጨርቅ መልቀም ጀመረች። "ጥናቱ ውስጥ መግባት ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"አዎ" አለችኝ፣ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። "ትፈልጊያለሽ ልጄ?"

"አዎ አልኩሽ እኮ።"

"ሰምቼሻለሁ። አሁን ሁለተኛ ነው የጠየቅኩሽ።"

ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ አሳረፈች። ማንም አላስተማራትም፤ አባቴን መሰለችኝ። እጆቼ ማጨብጨብ ሲያምራቸው ጭኔ ስር ከተትኳቸው። ውጭ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ መጥቶ በዓይኔ መለስኩት። ጠበቅኩ።

"ከዘገየሁ ሰነፍ ይሉኛል?" አለች።

ማን እንዲህ አለሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ማን እንዳላት አውቃለሁ።

ወረቀቱን አውጥቼ ፊርማ በሚለው ባዶ ቦታ ላይ በእጄ ጽሑፍ "ሁለተኛ ጠይቁኝ" ብዬ ጻፍኩበት። ቤተል አንብባ ሳቀች። "እማዬ፣ እንዲህ አይጻፍም፤ አዎ ወይም አይ ነው የሚባለው" አለችኝ። ይጻፋል አልኳት። ሰኞ ወሰደችው።

ይህን ስጽፍ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እስካሁን ከዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው የለም። እቤት ውስጥ ግን እራት ስናቀርብ እንኳን ሁለት ጊዜ እንጠያየቃለን፤ ቤተል ትቀልድብኛለች፤ ሁለተኛውን ስትመልስ ግን ድምፅዋ ይለያል። እነሱም ይምጡ። በተቆለፈ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩ ሰው ነኝ፤ የዛሬው በር የራሴ ሱቅ ነው፣ ቀኑን ሙሉም ክፍት ነው። መልሴ ተዘጋጅቷል።