ብሩክና የውሃ ጣቢያው ኢንዴክስ

ብሩክ ሞተ አሉኝ። "የትኛው ብሩክ?" ብዬ ጠየቅኩ፤ ሌላ ብሩክ የማውቅ ይመስል።

የደወለችው ኸዲጃ ናት፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ግቢ የምትጋራው ጎረቤቱ። "ኸላስ፣ በቃ ሂሩት፣ ብሩክ ሄደ" አለችኝ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። አሁን የምጽፈው ጎንደር ላሉት እናቱ ዛሬ ማለዳ መርዶ ስለተነገረ ነው።

ለማታውቁት፣ ከጦርነቱ በፊት እኔና ብሩክ እዚያው ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ የምህንድስና ቢሮ አብረን ሠርተናል። ሥራችን የመሣሪያ ኢንዴክስ ማዘጋጀት ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ግፊት፣ ሙቀት፣ ፍሰት የሚለካ ነገር ሁሉ የራሱ ቁጥርና የራሱ መስመር ይኖረዋል፤ ምን እንደሚለካ፣ የት እንደተገጠመ፣ በየትኛው ንድፍ ላይ እንዳለ። አሰልቺ ሥራ ነው። እሱ ግን ይወደው ነበር፣ በሱ ምክንያት እኔም ወደድኩት።

ሌላው ሰው ከንድፉ ላይ ይገለብጣል። ብሩክ በጭራሽ! "እጄ ያልነካውን አልጽፍም" ይል ነበር። አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ፣ በዚያ የካርቱም ፀሐይ፣ ታንክ ላይ ወጥቶ በጋለ የግፊት ጌጅ እጁን ሲያቃጥል ዘበኛው ከታች ጮኸበት።

"ያ ባሽሙሃንዲስ፣ ልታገባው ነው እንዴ? ያላ ውረድ!"

"ቆይ፣ ጥሎሽ እየተነጋገርን ነው!"

እኔ ስስቅ ወረቀቶቹ ከእጄ አምልጠው ነፋስ በተናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቆጣኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ቢሮው ተዘረፈ፤ ኮምፒውተሩም ንድፉም የለም። በቅርቡ የሰፈሩ ውሃ ጣቢያ ሰዎች ጣቢያውን ለመጠገን ሲነሱ የተረፈውን መሣሪያ የሚለይ ሰው ፈለጉና እሱን አገኙ። እሱ ጣቢያው ውስጥ እየዞረ ያገኘውን መሣሪያ በድምፅ መልእክት ይልክልኛል፣ እኔ እዚህ ኢንዴክሱን እሞላለሁ። የተነቀለውን እንኳ አያስጠፋኝም። "ቁጥሩን ለሌላ እንዳትሰጪ፣ 'ተነቅሏል' ብለሽ ተዪው፣ ኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይሳሳት" ይለኛል።

ከዚያ ድምፁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አንተ፣ አሞሃል?"

"ወባ ናት፣ ታልፋለች ኢንሻላህ። ያላ ጻፊ።"

"ሆስፒታል ሂድ እንጂ!"

"የቱ ሆስፒታል፣ ሂሩትዬ?"

የሚቀጥለውን መስመር ጻፍኩ።

ሰፈሩ ውስጥ መድኃኒት እንደሌለ ኸዲጃ ስትነግረኝ የወባ መርፌ እዚህ ገዝቼ በመተማ በኩል ወደ ካርቱም ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ለሹፌሩ እደውላለሁ፣ "ምን ላድርግ እህቴ" ይለኛል። ለብሩክ እደውላለሁ፣ "ፓምፑ ጋ ያሉት ብቻ ቀሩኝ" ይለኛል። ሰው እንዲህ እጅና እግሩ ታስሮ ይቀመጣል? ስልክ ይዤ ቤት ውስጥ ከመንቆራጠጥ በቀር ምንም አላደረግሁም። ምንም ማድረግም አልቻልኩም።

የፓምፑ መስመሮች አሁንም ባዶ ናቸው። የጣቢያው ሰዎች ዛሬ "በግምት ሙዪልን፣ ሰው ውሃ እየጠበቀ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ኸዲጃ ለልጆቿ ውሃ የምትገዛው ከአህያ ጋሪ ነው። ግን የብሩክን ሥራ በግምት እንዴት ልሙላው? ከጠዋት ጀምሮ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ተቀምጫለሁ።

ብሩኬ፣ የት እንደተቀበርክ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ጎረቤቶችህ ተሸክመው ወሰዱህ አለች ኸዲጃ። ቄስ አልተገኘም፤ ዴም የቀሩት የሀበሻ እናቶች አቡነ ዘበሰማያት ደገሙልህ። እኔ አልነበርኩም። አፈሩ ይቅለልህ።

ይህን እየጻፍኩልህ ሳለ ሹፌሩ ደወለ። መንገዱ ተከፍቶ፣ ድንበሩን አልፎ ገዳሪፍ ገብቷል። "እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ መርፌውን ካርቱም ማን ይቀበለኛል?" አለኝ። ሌላ ስም አልመጣልኝም፤ "ብሩክ" አልኩት።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ።