ወንድምሽ ሆርሞን ሆነ አሉ

ወንድሜ ሃይማኖት መቀየሩን የሰማሁት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈራችን ካለችው ባለሱቅ ነው። ስኳር እየመዘነችልኝ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ይማረው፣ ወንድምሽ ሆርሞን ሆነ አሉ» አለችኝ። ክው አልኩ። እኔ ሆርሞን ሲባል የማውቀው እንቅርትና የዶሮ መኖ ነው። «ምኑን አመመው?» ስላት «ኧረ በሽታስ አይደለም! አዲስ አበባ ፈረንጆች አጥምቀውት ነው። ከእንግዲህ ቡና አይጠጣም አለኝ ልጄ» አለች። ልጇ አዲስ አበባ ከወንድሜ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ቡና የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ፊቷ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት መሰለ። ሞርሞን ማለቷ እንደነበረ የገባኝ ስኳሬን ይዤ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ሌላው ሰው ሲናደድ ይሳደባል፤ እኔ ምዕራፍና ቁጥር እጠራለሁ። ስለዚህ ወንድሜ ጅማ ኮሌጅ ለማስተማር ተቀጥሮ ወደ እናታችን ቤት ሲመለስ ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅኩት። እናታችን ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር፤ በቤቷ የምኖረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ ሞርሞን ትምህርት ስልኬ ላይ ያልጫንኩት ጽሑፍ አልነበረም። ወንድሜ ሻንጣውን ገና ከእጁ ሳያስቀምጥ ጀመርኩት።

«በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የሚጨምር ወዮለት ተብሏል። የራእይን መጨረሻ አላነበብክም? ታዲያ ይሄ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፈ ሞርሞናችሁ ከየት መጣ?»

«ዘዳግምም እኮ አትጨምሩ ይላል» አለኝ ጫማውን እየፈታ። «ከዘዳግም በኋላ የተጻፈውን ሁሉ እናውጣው?»

ይህን አልጠበቅኩም።

«ደግሞ የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ነው የሚጨመረው? ያንቺ ስድሳ ስድስት ነው። የጎረቤቶቻችን የኦርቶዶክሶቹ ሰማንያ አንድ ነው። እነሱ ጨመሩ ወይስ እናንተ ቀነሳችሁ?»

«የእነሱ ቢያንስ አሜሪካ ጉብታ ውስጥ ተቀብሮ አልተገኘም!»

ሳቀ። ከወንድሜ ጋር ስትከራከሩ የሚያበሽቀው ነገር ይሄ ነው፤ አይናደድም። እኔ ደግሞ የማይናደድ ሰው ያናድደኛል። ኢሳይያስን አመጣሁበት፤ ከእኔ በፊት የተሠራ አምላክ የለም ብሎ እግዚአብሔር ራሱ ተናግሮ ሳለ፣ እናንተ እግዚአብሔርም ድሮ እንደኛ ሰው ነበር ትላላችሁ አልኩት። የፈታውን ጫማ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ «እሱን እኔም ገና እየተማርኩት ነው» አለ። ጎል ማለት ይሄ ነው ብዬ ተነሥቼ እራት አቀረብኩ። እየበላን፣ ለመሆኑ እውነት መሆኑን በምን አወቅክ ብዬ ስጠይቀው፣ «ጸለይኩ፤ ደረቴ ውስጥ ሙቀት ተሰማኝ» አለኝ። «እሱ ቃር ይባላል» አልኩት። እሱም እኔም በሳቅ ፈረስን።

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ካፌ ገባን። አስተናጋጁ መጥቶ «ትኩስ ነገር ምን ላምጣ?» ሲል ወንድሜን አየሁት። ሃይማኖቱ የሚከለክለው ቃል በቃል ሲነበብ ትኩስ መጠጥ ነው። ወተት አዘዘ፤ ወተቱ እየጨሰ መጣ።

«ይሄስ ትኩስ አይደለም?» አልኩት።

«ትኩስ መጠጥ ማለት ቡናና ሻይ ነው ተብሎ ተብራርቷል።»

«ቡናው በበረዶ ቢመጣስ?»

«ቀዝቅዞም ቡና ነው።»

«ስለዚህ የሚጨሰው ወተት ትኩስ አይደለም፤ በረዶ ያለበት ቡና ትኩስ ነው። አማርኛውን ለእኔ ተዉልኝ፣ እኔ የማስተምረው ልጆች ነው።»

ጠረጴዛ የሚወለውለው አስተናጋጅ አላስቻለውም፤ «ጨጓራ ነው እንዴ፣ ወንድሜ?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ መዋሸት አያውቅምና «ጨጓራ አይደለም፣ ሃይማኖት ነው» አለው። አስተናጋጁ ለጨጓራው ካዘነው በላይ አዘነለት።

የመረረው ክርክር የመጣው ዝናብ ቤት ባዋለን አንድ ቅዳሜ ነው። ከጥናት ተመልሼ እግሬን እያሞቅኩ ሳለ ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠና «አንድ ነገር ላስፈቅድሽ» አለኝ። «በእማዬ ስም ልጠመቅላት እፈልጋለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። አስረዳኝ። በእነሱ ዘንድ ሳይጠመቅ ለሞተ ሰው በሕይወት ያለ ዘመዱ በእሱ ስም ውሃ ውስጥ ይገባለታል። ይህ የሚደረግበት ቤተ መቅደስ እዚህ አገር ስለሌለ ውጭ አገር ድረስ መሄድ አለበት። ለዚያም ተዘጋጅቷል።

ደሜ ፈላ። እናታችን ሙስሊም ነበረች። የአጋሮ የቡና ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ አባታችን ደግሞ ከነቀምት የመጣ ጴንጤ ነበር። ሲጋቡ አንዳቸው የሌላውን ሃይማኖት ላይነኩ፣ ልጆቹም በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን ሊያድጉ ተስማሙ። አባታችን እኛ ሳናድግ ሞተ። ከዚያ በኋላ እናታችን እኛን ይዛ መስጊድ ብትሄድ ማንም ምን አደረግሽ አይላትም ነበር። እሷ ግን አምስት ወቅት ሶላቷን እየሰገደች፣ እሑድ እሑድ ልብሳችንን ተኩሳ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰናለች። ከበሩ አልፋ አትገባም። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላዋን ይዛ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ለምን ሲሏት «የሰው ቃል አላጥፍም» ነበር መልሷ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የእኔን ጉድ መናገር አለብኝ። በክርስቶስ ያላመነ አይድንም ብዬ የማስተምረው እኔ ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ጥናታችን እዚያ ክፍል ላይ ሲደርስ እስላለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ ለሌላ ሰው አሳልፌ እሰጣለሁ። እናቴ የት ናት የሚለውን ጥያቄ አልጠይቅም፤ መልሱን ስለማውቀው ፈርቼ ነው። ወንድሜ የነካው ይህን ነበር።

«ሰው አንድ ጊዜ ይሞታል፣ ከዚያ ፍርድ ነው! ዕብራውያንን አንብብ» ብዬ ጮኽኩበት።

አንደኛ ቆሮንቶስን ገልጦ አቀረበልኝ። ሙታን ካልተነሡ ስለ ሙታን የሚጠመቁት ለምን ይጠመቃሉ የሚለው የጳውሎስ ጥያቄ ነው።

«የሚጠመቁት ነው ያለው፤ የምንጠመቀው አላለም!» አልኩት። «ስለ ሌሎች ነው የሚያወራው። ሰዋስው አታውቅም?»

«ስህተት ነውም አላለም።»

«ልክ ነውም አላለም! ወንድ ከሆንክ ሄደህ ኤሱማን አስፈቅድ!»

በኦሮምኛ የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፤ እኛም አማርኛ ስናወራ እንኳ አጎታችንን እንዲህ ነው የምንጠራው። አጋሮ ቡና ይነግዳሉ፤ ሐጅ አድርገዋል፤ ሲቆጡ ገበያው ጸጥ ይላል። ስማቸውን የጠራሁት ልጅ በፖሊስ እንደሚያስፈራሩት ለማስፈራራት ነበር። ወንድሜ ግን ትንሽ አሰበና «እውነትሽን ነው። እሳቸው ሳያውቁ አይሆንም። ሰኞ በዓል ነው፤ እንሂድ» አለኝ።

አብሬው ሄድኩ። ብቻውን ሄዶ እንዳይበሉት ነው ብዬ ነበር ለሰው የነገርኩት፤ እውነቱን ለመናገር ሲበሉት ለማየትም ነበር።

ኤሱማ ግቢያቸው ውስጥ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና በመዳፋቸው እያገላበጡ አገኘናቸው። ተቀበሉን፤ ሳሙን። ወንድሜ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። አንዲት ነገር አልደበቀም። እኔ ፍንዳታውን ጠበቅኩ። እሳቸው ቡናቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ።

«ዱጋ? እውነት? ውሃው ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ?»

«አዎ ኤሱማ፣ እኔ ነኝ።»

«እሷ ሳታውቅ?»

«ታውቃለች ነው የምንለው። በግድ አይደለም፤ ከፈለገች ትቀበላለች፤ ካልፈለገች እምቢ ማለት ትችላለች።»

«እምቢ ማለት ትችላለች?»

«ትችላለች።»

ኤሱማ ሳቁ። ከወዲያ ማዶ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩን። «ወላሂ፣ እምቢ ማለትስ ትችልበታለች! አባታችን ለመረጠላት ሰው እምቢ ብላ አይደል እንዴ አባታችሁን ያገባችው!»

ሳቁ ወደ ወንድሜ እንዳያደላ ሰጋሁና ጣልቃ ገባሁ። «ኤሱማ፣ ይሄ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ የራሳቸው ፈጠራ ነው። እኔም ተቃውሜዋለሁ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። መዳፋቸውን አራገፉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? አንቺ እህቴ የት ናት ትያለሽ?»

ጥቅሶቹ ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር። ምዕራፉን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ በየቅዳሜው እናቶቻቸው አጠገባቸው ለተቀመጡ ሰዎች አንብቤዋለሁ። የእናቴ ዓይን ያላቸው ሰው ፊት ቆሜ ግን አንዱም አልወጣ አለኝ።

«አላውቅም፣ ኤሱማ» አልኩ። በክርክር መሃል አላውቅም ብዬ አላውቅም። ከዚያ ደግሞ ሳላስበው «እሷ የሌለችበት ቦታ ሄጄስ ምን እሠራለሁ?» አልኩና አለቀስኩ። ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ ልጅ።

ወንድሜ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አላሁ አዕለም» አሉ ኤሱማ። «እሱ ያውቃል። እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም።» ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ስሟን ግን አትውሰድ፣ ልጄ። ማንን እንደምታመልክ የምታውቅ ሴት ነበረች። ቃሏን ጠብቃ ነው የሞተችው፤ ማሎ፣ እባካችሁ ጠብቁላት።»

«እሺ ኤሱማ፣ አልወስድም» አለ ወዲያው። አንድም ጥቅስ አልጠቀሰም። ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ። «ቀብሯ ላይ እኮ አልደረስኩም። ማለዳ ሞተች፣ ከሰዓት ቀበራችኋት፤ እኔ አዲስ አበባ አውቶቡስ እየፈለግኩ ነበር። አንዲት ዕፍኝ አፈር አላቀበልኩም። በእጄ የሆነ ነገር ላደርግላት ፈልጌ ነው።»

ያን ሁሉ ወራት ስለ ቆሮንቶስ ስንከራከር ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔም የሙስሊም ቀብር እንደማያድር አውቃለሁ፤ እሱ ምን ላይ እንደነበረ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ወደድኩት። እንደዚያ ቀን ወንድሜን ወድጄው አላውቅም።

«ታዲያ ይሄን አትለኝም ነበር?» አሉ ኤሱማ። «ልጅ ለእናቱ ዱዓ ሲያደርግ ይደርሳታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። በል ና ተቀመጥ።» ወደ ቤት ተጣርተው ቡና ቀላ እንዲመጣ አዘዙ። ቡና ቀላ አይጠጣም፤ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ ቡና ነው፤ ዱዓና ምርቃት ባለበት ይቀርባል። ለእያንዳንዳችን በመዳፋችን ሰጡን። ወንድሜ መዳፉን አየ፣ እኔን አየ። የከለከሉት መጠጥ ነው፤ ይሄ ደግሞ አይጠጣም። በሌላ ቀን ቢሆን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ክርክር ነበር። ድርሻውን ቀስ ብሎ መዳፌ ላይ ገለበጠው፤ የእሱንም የእኔንም በላሁ። ኤሱማ አይተው ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ።

ዱዓውን ኤሱማ ጀመሩት፤ በዐረብኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ። እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ ወንድሜ ዞረው «በል፣ አሁን አንተ በራስህ አፍ» አሉት። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፣ እግዚአብሔር እናቱን እንዲያስባት ለመነ። ስለ ውሃም፣ ስለ ስምም አላነሳም። ስላልደረሰበት ቀብር ይቅርታ ጠየቃት። ለሙታን አይጸለይም ብዬ ያስተማርኩት እኔ፣ እጆቼ ቅቤ እንደነኩ ተዘርግተው አገኘኋቸው።

ሲጨርስ ኤሱማ «አሚን» አሉ። ወንድሜ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ።

ወደ ጅማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አሚን ነው ያልሽው፤ ሰምቼሻለሁ» አለኝ። አሜን ነው ያልኩት አልኩት። አሚን ነው አለ። ተሳፋሪው ሁሉ እስኪያየን ድረስ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ይህችን አንዷን እንዲያሸንፈኝ ተውኩት።