ጥፋቱ የነጥቡ ነው

አዛውንቱ አዳኝ አራተኛውን የጠመንጃ ማነጣጠሪያ በመዳፋቸው መዘኑ። ቅለቱ ተስማማቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ካዩበት በኋላ ግን፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀዩ ነጥብ እንደ ተረገጠ ቲማቲም ተበትኗል! ዕቃህ ሁሉ ብልሹ ነው» አሉ።

ከመሐላው ግማሹ ቀድሞ ሳይደርስባቸው አልቀረም፣ አለ ሻጩ በሆዱ። «ነጥቡስ ክብ ነው፣ አባባ። ሐኪም መነጽር ቢያዝልዎትስ?»

«መነጽር የሽማግሌ ነው!» ጸጉራቸውን የነከሩበት ጥቁር ቀለም ጆሯቸውንም አልማረም።

ሻጩ የዳር ቀለበቱ ሲዞር ለደካማ ዓይን የሚስተካከል ሌላ ማነጣጠሪያ ሰጣቸው። እያዞሩ በመስኮቱ አሻግረው፣ ውጭ አግዳሚ ላይ የምትጠብቃቸውን ሚስታቸውን አዩ።

«ኧረ! ይቺ ሴትዮ መቼ ነው እንዲህ ያረጀችው?»

ሻጩ ባንኮኒው ላይ ያለውን መስታወት ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረው።