በሽማግሌ ያለፈ ስድስት ወር

ኤርጎጌ ዲፕ ፍሪዙን የገዛችው ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ከሚባለው ሰፈር ከዱካሞ ሱቅ ነበር። ዱካሞ የአገሯ ልጅ ነው፤ የሚያመልኩትም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዕቃው በሁለተኛው ወር ማቀዝቀዝ አቆመ። ቮስሎሩስ ሰፈር ያለችው የራሷ ሱቅ የምትኖረው በዶሮ እግርና በዶሮ ክንፍ ነው። ዶሮው ሲሸት ደንበኞቿ መንገዱን ተሻግረው ከሌላ ይገዙ ጀመር።

እዚሁ ጆሃንስበርግ ያደገችው ልጇ ማራናታ ስልኳን ከፍታ አነበበችላት።

«ማሚ፣ ሕጉ እኮ ክሊር ነው። የተበላሸ ዕቃ በስድስት ወር ውስጥ ከመለስሽ፣ ጠግኑልኝም ቀይሩልኝም ማለት ያንቺ ምርጫ ነው። ኢሜይል ልጻፍለት?»

«ወንድም ላይ ወረቀት ይጻፋል? መጀመሪያ ለሽማግሌ ይነገራል።»

ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ወረቀት የሚጻፈው ለጠላት ይመስላታል።

ሽማግሌው ጋሽ ሀቢሶ ነበሩ፤ በዚያው ወር ነገረቻቸው። ቀጠሮ በያዙበት እሑድ ዱካሞ ቀረ። በሚቀጥለው ሰርግ ሆነ፤ ከዚያ ለቅሶ መጣ። በአምስተኛው ወር ተገናኙ።

«እህቴ ኤርጎጌ፣ ቮስሎሩስ መብራት ሲጠፋ የማጠፋው እኔ ነኝ እንዴ?» አለ ዱካሞ። የተሰበሰቡት ሳቁ። «ግድ የለም፣ ጠጋኝ እልክልሻለሁ።»

«በሉ ይቅር ተባባሉ» አሉ ጋሽ ሀቢሶ። ተጨባበጡ፤ ተጸለየላቸው። ጠጋኙ ሳይመጣ ሰባተኛው ወር ገባ።

ያኔ ማራናታ እናቷን እየጎተተች የሸማቾች አቤቱታ የሚቀበል ቢሮ ወሰደቻት። የቢሮዋ ሴት ደረሰኙን አገላብጣ አየችው።

«ስድስት ወር አልፎታል፣ እማማ። በጊዜው ለሻጩ እንደነገርሽ የሚያሳይ ነገር አለሽ?»

«ሽማግሌ አለኝ።»

«እንግዲያው ጽፈው ይፈርሙልሽ።»

በዚያው ቀን ጋሽ ሀቢሶ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ በሁለተኛው ወር መናገሬን ብቻ ጽፈው ይፈርሙልኝ። ዕቃው ካልተቀየረ ሱቁ አለቀለት።»

«ልጄ፣ በእርቅ ያለቀ ነገር አሕዛብ ዘንድ አይወጣም። ደግሞ ይቅር ብለሽዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጠጋኝ ይልካል ብዬ እኮ ነው የጨበጥኩት!»

«ጌታ ይተካልሻል።»

ብዙ ተቀመጠች። እሳቸው ሳይፈርሙ እስከ በር ሸኟት።

ወር ሳይሞላ ሱቁን ለሌላ ሰው አስረከበች። ተረካቢው ዲፕ ፍሪዙን አይጥ አይገባበትም ብሎ የዱቄት ማስቀመጫ አደረገው። እሷ አሁን ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር በሰው ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። የተበላሸ ዕቃ ሊመልስ የመጣ ደንበኛ ሲለማመጣት ፊቱን እንኳ አታይም።

«ወረቀት ይዘህ ና» ትለዋለች።

አሠሪዋ በዚህ ጠባይዋ በጣም ይወዳታል።