ያልወረድኩበት ሰኔ

በእኛ በኩል ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። መውለዱ ዛሬ ጤና ጣቢያ ሆኗል፤ መታረሱ ግን አልተለወጠም። ቀኗ ሲቃረብ ጓዟን ይዛ ወደ እናቷ ትወርዳለች። እናቷ እየመገበች፣ ወገቧን እያሸች ታቆያታለች። ምጥ ሲጀምራት ከዚያው ተነሥታ ትሄዳለች፤ ወልዳም ወደዚያው ትመለሳለች። እናቴ ይህን ቀን ካገባሁበት ዕለት ጀምሮ ስትጠብቅ ነበር ብል አላጋነንኩም። ታላቅ እህቴ ልጆቿን የወለደችው ዓረብ አገር ስለሆነ፣ እናቴ የጎረቤት አራስ ጠየቀች እንጂ የራሷን ልጅ በአራስነቷ ይዛ አታውቅም። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

እኔ ቆቦ ከተማ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የእናቴ ቤት ከጎብዬ ወደ ቆላው ገባ ያለ ቀበሌ ውስጥ ነው። ከቆቦ ጎብዬ በሚኒባስ ጎንህ የተቀመጠው ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ትደርሳለህ፤ ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ከተገኘ በባጃጅ፣ ካልተገኘ በእግር ነው። ሩቅ አይደለም። ሩቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማሳብብበት ነገር አገኝ ነበር።

ሐኪሟ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደምወልድ ነገረችኝ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከወሊድ በፊት አንድ ወር፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ፈቃድ አለን። ስለዚህ ግንቦት ሲያልቅ ጠመኔውን አስቀምጬ መውረድ እችል ነበር። ችግሩ በመምህራን ማረፊያችን ከወሊድ በፊት ያለችውን ወር ቀድማ የምትወስድ ሴት እንደ ሰነፍ መታየቷ ነው። “ምጥ እስኪመጣ አስተምሪ፤ ያቺን ወር ለልጅሽ አቆዪያት” ይባላል። ሦስት ልጆች የወለደች አንዲት የሒሳብ መምህርት “እኔ የመጨረሻዬን ልወልድ የሄድኩት እጄ ላይ ያለው ጠመኔ እንኳ ሳይታጠብ ነው” እያለች ስትኮራ ሁላችንም እንስቃለን። እኔም ሳቅሁ። ከእሷ አላንስም የሚል እልክም በዚያው ገባብኝ።

እውነቱን ለመናገር ማንም አላስገደደኝም። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ “ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ዛሬ እወጣለሁ ብትዪም የሚተካሽ ሰው እፈልጋለሁ” አለኝ። ባለቤቴ የመስኖ ፓምፕ ሲጠግን ውሎ ዘይት በዘይት ሆኖ ይገባና “እንደፈለግሽ” ይለኛል። ምነው አንዱ እንኳ ቢቆጣኝ ኖሮ! ሁሉም ለእኔ ሲተውልኝ፣ እኔ ደግሞ ለክፍሌ ተውኩት። ፊደል ቆጥረው ቃል ማንበብ ያቃታቸው ጥቂት ልጆች ነበሩኝ። አንዲቷ መጽሐፉን ዘርግታ ጣሪያውን እያየች በቃሏ “ታነባለች”። እሷን ሳላስነብብ አልወጣም ብዬ ቆረጥሁ። ያለ እኔ የሚያስነብባት ሰው በአገሩ የሌለ ይመስል።

እናቴ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ትደውላለች።

“መቸ ነው የምትወርጅው?”

“እማየ፣ ትንሽ ታገሽኝ። ክለሳውን ልጨርስ።”

“እሽ፣ ክለሳውስ ሲያልቅ?”

“ከዚያ ፈተና አለ።”

“ፈተናውን ሌላ ሰው አይፈትነውም?”

“ይፈትነዋል። ግን ልጆቹ እኔን ለምደዋል።”

“እኔስ አንችን አለመድሁሽም?” አለችኝ። እየሳቀች ስለነበር እኔም ስቄ ስልኩን ዘጋሁት።

በሌላ ቀን ስትደውል ጓዳውን በግድግዳ ከፍላ አዲስ መደብ እንደሠራችልኝ ነገረችኝ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ራሷ አቡክታ፣ ራሷ ረግጣ፣ በእበት ለቅልቃዋለች። “ሰፊ አርጌዋለሁ” አለች። “አብረን ነው የምንተኛው። ሌት ስትነሽ እንድሰማሽ።” በዚያ በግንቦት ሐሩር፣ በዚያ ዕድሜዋ ጭቃ መርገጧ አናደደኝና ተቆጣኋት። ማን ሥሪ አለሽ አልኳት። እሷ ግን የምታወራው ስለ መደቡ ስፋት ብቻ ነበር።

ከዚያ ዱበርቲው መጣ። ዱበርቲ ማለት የሰፈሩ ትልልቅ እናቶች ተሰብስበው፣ ነፍሰ ጡሯን መሃል አስቀምጠው፣ በሰላም እንድትገላገል ዱአ የሚያደርጉበት ነው። ገንፎ ይገነፋል፤ እናቶቹ፣ እነሱም ዱበርቲ ይባላሉ፣ ተራ በተራ ሆዷን እየዳበሱ ይመርቃሉ። እናቴ ለሐሙስ ቀጠረች፤ እኔም እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ረቡዕ ከሰዓት ከወረዳ ሱፐርቫይዘሮች ነገ ይመጣሉ ተባለ። የትምህርት ዕቅዴ በሥርዓት የተጻፈ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ብሄድ ራሱ ይናገርልኝ ነበር። እኔ ግን ደወልሁና ቀኑን እንድታዛውረው ለመንኳት።

“ሰው ጠርቸ?” አለች። ቀጥላም “እሽ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ” ብላ ዘጋችው።

ሱፐርቫይዘሮቹ መጡ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጠው ለስላሳ ጠጥተው ሄዱ። የእኔን ክፍል በመስኮት እንኳ አላዩትም። ማታ እናቴ ደወለች። ቀኑን አላዛወረችውም። ባለፈው ረስቼባት የሄድሁትን ሻርፕ እኔ በምቀመጥበት ቦታ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችና ዱበርቲዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ዱአ አደረጉ። “ሁሉም ሻርፕሽን እየዳበሱ መረቁሽ። አላህ ይቀበለናል ኢንሻ አላህ፤ አብሽሪ” አለችኝ። ከሁሉ ከሁሉ ይህን ስሰማ አፈርሁ። በነጋታው ፈቃድ ልጠይቅ ወሰንሁ፤ በነጋታው ደግሞ ያቺ ልጅ ጣሪያውን ሳታይ ሁለት ቃል አነበበችልኝና ውሳኔዬን ረሳሁት።

ፈተናው ሰኔ አጋማሽ ላይ ተጀመረ። ያው እንግዲህ እሱ ሲያልቅ፣ በማግስቱ ልወርድ ነው። በመጨረሻው ቀን፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ከላይ እየጠበሰን፣ ወረቀት ልሰበስብ በወንበሮቹ መካከል ጎንበስ ስል እንሽርት ውኃው ፈሰሰ። ልጆቹ አስተማሪያችን ሸናች ብለው እንዳይስቁብኝ መፍራቴ ትዝ ይለኛል፤ አንድም ልጅ አልሳቀም። የሒሳብ መምህርቷ ደግፋ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። ጓዜን ገና አልሸከፍሁም ነበር።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልሁ፤ አልሐምዱሊላህ። የቀሩትን ወረቀቶች ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር ሰብስቦ፣ አርሞ፣ ውጤቱን ሞልቶ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ያለ እኔ አይሆንም ስል የከረምሁበት ሥራ በቃ ያ ነበር። ቅር ሊለኝ ሲገባ እንዲያውም ደስ ብሎኝ አመሰገንሁት።

እናቴ በማግስቱ ቅቤዋን፣ ማሯንና የገንፎ ዱቄቷን አሸክማ ቆቦ መጣች። ተከራይተን የምንኖረው አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው ለእኔና ለሕፃኗ ብቻ ሆነ፤ ባለቤቴ ወንድሙ ጋ እየሄደ አደረ። እናቴ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ተኛች። በቤቷ የምታዝዘው ሴትዮ እኛ ጋ ውኃ ለመቅዳት እንኳ አከራይዋን የምታስፈቅድ እንግዳ ሆነች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። ሌሊት ስነሣ አልጋው ከፍ ስለሚል መጀመሪያ የሚታየኝ ቀና ያለ ራሷ ነበር። “ልያዝልሽ?” ትላለች፤ እኔም እንዳትደክም ብዬ “ተኚ እማየ” እላታለሁ። ዝናቡ ሲጥል ማሽላ የሚዘራላት ሰው ስላልነበራት ከአርባዬ በፊት ተመለሰች።

ለዒድ ሕፃኗን ታቅፌ ወረድሁ። መደቡ ላይ የማሽላ ጆንያ ተደርድሮበት አገኘሁት። እናቴ ዓይኔን ተከትላ አየችና “ቦታ ጠቦኝ ነው። ለሁለተኛሽ አወርደዋለሁ” አለችኝ። ምንም ቅሬታ አልነበረባትም፤ ቅሬታ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ጆንያውን አውርጄ፣ አንድ ሌሊት እንኳ አብሬያት ልተኛ ይገባኝ ነበር። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ በዚያው ቀን ወደ ቆቦ ተመለስሁ።

ልጄ መራመድ ሳትጀምር እናቴ ታመመች፤ ሕመሙ አልረዘመም። ለማስታመም ፈቃድ ልጠይቅ ስል ሞቷ ቀደመኝ። እኔ ስደርስ ከፍነዋት ነበር።

ለቅሶ የሚመጣው ሰው ስለበዛ ጎረቤቶች ጓዳውን አጽድተው ጆንያዎቹን አወጡ። የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ከዱበርቲዎቹ አንዷ የሆኑ እናት እጄን ይዘው ወደዚያ አስገቡኝና “ይኸ ላንች የተሠራ ነው፤ እዚህ ተኝ” አሉኝ። ልቅላቄው ጆንያ በነበረበት ቦታ ተላልጧል፤ በጠርዙ በኩል ግን የእናቴ ጣቶች ፈለግ ደህና አድርጎ ይታያል። ሻርፔ ከራስጌው ባለችው ችካል ላይ ተሰቅላ ነበር።

ልጄን ከግድግዳው በኩል አስተኛኋትና እኔ ከጎኗ ጋደም አልሁ። በሌላው ጎኔ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ቀረ። እንደ ነገረችኝ በእርግጥም ሰፊ ነበር።